የመስኖ ውሃ ሞተር ከሥራ በኋላ የሚደረግለት እንክብካቤና የክረምት አቀማመጥ

ለሞዴል አርሶ አደሮች ሥልጠና የተዘጋጀ ጽሑፍ

1. መግቢያ

በጣና ሐይቅ ዙሪያ፣ በፎገራ ሜዳ በርብና በጉማራ ወንዞች ዳር፣ እንዲሁም የእጅ ጉድጓድ ባለባቸው አካባቢዎች በበጋ የሚያለማ አርሶ አደር ትልቁን ተስፋ የሚጥለው በውሃ መሳቢያ ሞተሩ ላይ ነው። ሽንኩርት ሥሩ ጥልቀት ስለሌለው ውሃ ሲቋረጥበት ቶሎ ይጎዳል። ኮረቱ በሚሞላበት ጊዜ ሞተሩ አልነሳ ቢልና መለዋወጫ ፍለጋ አንድ ሳምንት ቢያልፍ ኪሳራው የጥገና ዋጋ ብቻ አይሆንም። የዘሩ፣ የማዳበሪያው፣ የቀን ሠራተኛውና የቤተሰቡ ድካም ሁሉ አብሮ ይጎዳል።

ብዙዎቻችን ሞተር የሚበላሸው ብዙ ስለሠራ ይመስለናል። ነገር ግን በኅዳር ወር ገመዱ ደጋግሞ ተስቦ አልነሳ የሚለው ሞተር ብዙ ጊዜ ብልሽቱ የጀመረው በግንቦት፣ ሥራ አብቅቶ እንዳለ ወደ ጎተራ ሥር በተገፋበት ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት አምስትና ስድስት ወራት ውስጡ የቀረው ደለል ይጋገራል፣ ያደረው ቤንዚን ይወፍራል፣ የቆሸሸው ዘይት ብረቱን ይበላል። ስለዚህ የዚህ ሥልጠና ዋና መልእክት አንድ ነው፤ የመስኖ ወቅት ሲያልቅ ለሞተሩ የሚሰጥ የግማሽ ቀን ሥራ የሚቀጥለውን ዓመት ሰብል ያድናል። አበው ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚሉት ነው።

ከዚህ ሥልጠና በኋላ ሠልጣኞች፦
• ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ሞተርን የሚጎዱ ነገሮችን ለይተው ያውቃሉ፤
• በየዕለቱና በወቅቱ መጨረሻ የሚደረገውን እንክብካቤ በቅደም ተከተል ይሠራሉ፤
• ሞተሩን በጥቅምት ወር መልሰው በጥንቃቄ ያስነሳሉ፤ ለጎረቤቶቻቸውም ያሳያሉ።

2. ሞተሩን የሚጎዱ አራት ነገሮች

ሀ. በፓምፑ ሆድ የሚቀር ደለልና ጨው

ማንቆርቆሪያ ውስጥ ውሃ ደጋግመን ስናፈላ ከሥሩ ነጭ ቅርፊት እንደሚጋገር ሁላችንም እናውቃለን። ውሃው ይተናል፣ በውስጡ የነበረው ግን ይቀራል። በፓምፑ ሆድ ውስጥም የሚሆነው ይኸው ነው። የወንዝ ውሃ ደለልና ደቃቅ አሸዋ ይዞ ይመጣል። ሲደርቅ ውሃ የሚገፋው ክንፍ ላይ እንደ ጭቃ ምርግ ይጠነክራል። ውሃ ወደ ሞተሩ በኩል እንዳያልፍ በሚያግደው ሲል ላይም ይጣበቃል። በሚቀጥለው ጊዜ ሞተሩ ሲነሳ ይህ ደረቅ አሸዋ ሲሉን እንደ ሞረድ ይበላዋል፤ ከዚያ በኋላ ፓምፑ ያፈስሳል፣ አየርም ይስባል።

ጨው ያለበት ውሃ ደግሞ ከደለል ይብሳል። በባሕር ላይ በሞተር ጀልባ ዓሣ የሚያሰግሩ ሰዎች ከሥራ ሲመለሱ የጀልባውን ሞተር ጨው በሌለው ውሃ ያጥባሉ። ይህን ካላደረጉ ጨው በውሃ መተላለፊያዎቹ ውስጥ ደርቆ ይደፍናቸዋል፤ ብረቱንም ይበላል። የእኛ ሞተር ባሕር ባያይም ጨው ግን ያገኘዋል። በመተሐራ አጠገብ እንዳለው በሰቃ ሐይቅ ያለ ጨዋማ ውሃ ባለበት አካባቢ፣ ጨዋማ ጉድጓድ ባለበት ቦታ፣ ወይም በውሃ የሟሟ ማዳበሪያ በፓምፑ በሚተላለፍበት ጊዜ ጉዳቱ ተመሳሳይ ነው። የፓምፑ አካል ብዙ ጊዜ ከአሉሚኒየም፣ ክንፉ ደግሞ ከብረት ይሠራል። ሁለት ዓይነት ብረቶች ተነካክተው ጨዋማ ውሃ ሲያገኛቸው አንደኛው ቶሎ ይበላል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ውሃ የሳበ ፓምፕ ሳይታጠብ አንድ ሌሊት እንኳ ማደር የለበትም።

ለ. ያደረ ቤንዚን

ቤንዚን እንደ እህል ተከማችቶ የሚቆይ ነገር አይደለም። ከአንድ ወር በላይ በታንከሩና በካርቡራተሩ ውስጥ ሲቀመጥ ቀላሉ ክፍል እየተነነ፣ የቀረው እየወፈረ ሙጫ የመሰለ ነገር ይሆናል። በካርቡራተሩ ውስጥ ያሉት ቀዳዳዎች ከመርፌ ቀዳዳ የጠበቡ በመሆናቸው ይህ ሙጫ በቀላሉ ይደፍናቸዋል። ሞተሩ የማይነሳበት፣ ወይም ተነስቶ ወዲያው የሚጠፋበት አንዱ ዋና ምክንያት ይህ ነው።

ሐ. የቆሸሸ ዘይት

ዘይት ሲሠራ ይጠቁራል። ጥቁረቱ የነዳጅ ቃጠሎ ጥላሸት ነው። ከጥላሸቱ ጋር ጥቂት ውሃና አሲድነት ያለው ነገርም ይገባበታል። ሞተሩ በዚህ ዘይት ተሞልቶ ክረምቱን ሲከርም ውስጡ ያለው ብረት ቀስ በቀስ ይዝጋል። ብዙዎቻችን ዘይት የምንቀይረው በጥቅምት፣ ሥራ ልንጀምር ስንል ነው። ትክክለኛው ጊዜ ግን ሥራ ሲያልቅ ነው፤ ሞተሩ ክረምቱን በንጹህ ዘይት ይክረም።

መ. እርጥበትና አይጥ

የክረምት እርጥበት የሲሊንደሩን የውስጥ ግድግዳ ያዝጋል፤ ካንዴላውንም ያበላሻል። አይጥ ደግሞ የነዳጅ ቱቦና የካንዴላ ሽቦ ትቆርጣለች፤ በአየር ማጣሪያው ውስጥና በጭስ ማውጫው ቀዳዳ ጎጆ ትሠራለች።

3. በየዕለቱ ሥራ ሲያበቃ

1. ከመነሻውም የመሳቢያውን ቱቦ ጫፍ ከወንዙ ወለል ላይ አታስተኙ። ወንፊቱን በቅርጫት ወይም በተበሳ ባልዲ ውስጥ አድርጋችሁ ከወለሉ ከፍ አድርጉ፤ ግን ከውሃው ወለል በላይ ወጥቶ አየር እንዳይስብ ተጠንቀቁ።
2. ሞተሩን ከማጥፋታችሁ በፊት ፍጥነቱን ቀንሳችሁ ለጥቂት ደቂቃ አቆዩት። በሙሉ ኃይል ሲሠራ የነበረን ሞተር በድንገት ማጥፋት ጥሩ አይደለም።
3. ውሃው ድፍርስ ወይም ጨዋማ ከነበረ ንጹህ ውሃ አሳልፉበት፤ ከዚያ በፓምፑ ሥር ያለውን የማፍሰሻ ቡሎን ፈትታችሁ ውሃውን አፍስሱ።
4. በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አትድፉ፤ ብረቱ ሊሰነጠቅ ይችላል። ውጪውን በጨርቅ ጥረጉ።
5. የሠራበትን ሰዓት በደብተር መዝግቡ።

ስለ መዝገቡ አንድ ነገር እንጨምር። በብዙ አነስተኛ የቤንዚን ሞተሮች መመሪያ መሠረት አዲስ ሞተር የመጀመሪያ ዘይቱ ከ20 ሰዓት ሥራ በኋላ ይቀየራል፤ ከዚያ በኋላ በየ100 ሰዓቱ ወይም በየ6 ወሩ፣ ቀድሞ በደረሰው ነው። በቀን 6 ሰዓት የሚሠራ ሞተር 100 ሰዓት የሚሞላው በ17 ቀን ገደማ ነው። ይህ ማለት ዘይት በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚቀይር አርሶ አደር ሞተሩን ለወራት በሞተ ዘይት ያሠራዋል ማለት ነው። የአየር ማጣሪያውም በየ50 ሰዓቱ፣ አቧራ በበዛበት ቦታ ደግሞ ከዚያም ባነሰ ጊዜ መጽዳት አለበት።

4. የመስኖ ወቅት ሲያልቅ፦ የቤንዚን ሞተር

የሚያስፈልጉ ነገሮች፦ በርሜል፣ ንጹህ ውሃ፣ ለሞተሩ የሚሆን አዲስ ዘይት፣ የካንዴላ ቁልፍ፣ የቡሎን ቁልፎች፣ ባዶ ጀሪካን፣ ጨርቅ፣ ሳሙናና ጥቂት ግራሶ። ሥራው ከቤት ውጪ፣ እሳትና ሲጋራ በሌለበት ቦታ ይሠራል።

ደረጃ 1፦ ፓምፑን ማጠብ። ፓምፑ አንድ በርሜል ውሃ በደቂቃ ውስጥ ሊጨርስ ስለሚችል ሁለቱንም ቱቦዎች፣ የሚስበውንም የሚረጨውንም፣ በርሜሉ ውስጥ ክተቱ። በዚህ ዓይነት ያው ውሃ እየዞረ ያጥባል። ፓምፑን ውሃ ሞልታችሁ ሞተሩን በዝቅተኛ ፍጥነት ለ5 ደቂቃ ያህል አሠሩት። ውሃው ከደፈረሰ በንጹህ ቀይራችሁ ድገሙት።

ደረጃ 2፦ ካርቡራተሩን ማድረቅ። እጥበቱ ሲያልቅ ውሃው እየዞረ ሳለ የነዳጅ መዝጊያውን ዝጉ። ሞተሩ በካርቡራተሩ ውስጥ የቀረውን ቤንዚን ጨርሶ ራሱ ይጠፋል። ውሃ ሳይኖር ግን ይህን አታድርጉ፤ ሲሉ የሚቀዘቅዘው በሚያልፈው ውሃ ስለሆነ ፓምፑ በደረቁ ከሠራ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይቃጠላል።

ደረጃ 3፦ ዘይት መቀየር። ዘይቱ ለብ ብሎ ሳለ ቆሻሻውን ይዞ በቀላሉ ይወርዳል። ስለዚህ ሞተሩ ጥቂት ደቂቃ ከበረደ በኋላ፣ ፈጽሞ ሳይቀዘቅዝ፣ የዘይት ማፍሰሻውን ፈትታችሁ አሮጌውን ዘይት ወደ ዕቃ አውርዱ። ቡሎኑን መልሳችሁ ካጠበቃችሁ በኋላ ሞተሩን ደልዳላ ቦታ ላይ አቁማችሁ አዲሱን ዘይት እስከ ምልክቱ ሙሉ። ከ5 እስከ 7 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ብዙ ጊዜ የሚወስደው 0.6 ሊትር ገደማ ነው፤ አብዝቶ መሙላትም ይጎዳል። አሮጌውን ዘይት በክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡ እንጂ ወደ ቦይ ወይም ወደ ጉድጓድ አቅራቢያ አትድፉት።

ደረጃ 4፦ ታንከሩን ባዶ ማድረግ። ሞተሩ ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ የቀረውን ቤንዚን ወደ ጀሪካን ገልብጡ። ከካርቡራተሩ ቋት ሥር ያለችውን ትንሽ ቡሎንም ፈትታችሁ የቀረችውን ጠብታ አውጡና መልሳችሁ ዝጉ። ቤንዚኑን ለሌላ ሥራ ወዲያው ተጠቀሙበት እንጂ ለሚቀጥለው በጋ አታቆዩት።

ደረጃ 5፦ ሲሊንደሩን ዘይት ማስነካት። ካንዴላውን ፍቱና በቀዳዳው አንድ የሻይ ማንኪያ ንጹህ የሞተር ዘይት ጨምሩ። ቀዳዳውን በጨርቅ ሸፍናችሁ የማስነሻውን ገመድ ሁለት ሦስት ጊዜ ቀስ ብላችሁ ሳቡ፤ ዘይቱ ግድግዳውን ይለብሳል። ካንዴላውን ጠርጋችሁ መልሱ። በመጨረሻ ገመዱን ቀስ ብላችሁ ሳቡና እምቢ የሚል ጉልበት ሲሰማችሁ አቁሙ። በዚህ ቦታ የሲሊንደሩ መግቢያና መውጫ ቫልቮች ዝግ ስለሆኑ እርጥበት ወደ ውስጥ አይገባም።

ደረጃ 6፦ የአየር ማጣሪያ። ማጣሪያው ስፖንጅ ከሆነ በሳሙናና በለብታ ውሃ ታጥቦ ይደርቃል፤ ከዚያ ጥቂት ንጹህ ዘይት ጠጥቶ በደንብ ይጨመቃል። ወረቀት ከሆነ አይታጠብም፤ አቧራው ቀስ ብሎ በመምታት ይራገፋል። ከቆሸሸ ወይም ከተቀደደ ይቀየራል። ያለ ማጣሪያ ሞተር ማሠራት አቧራን በቀጥታ ወደ ሲሊንደር መላክ ነው።

ደረጃ 7፦ የፓምፑን ሆድና ቱቦዎቹን ማድረቅ። የማፍሰሻውን ቡሎን ፈትታችሁ ውሃው ጨርሶ ይውረድ። የቡሎኑን ጥርስ ግራሶ ቀብታችሁ መልሱት፤ አለበለዚያ ይጠፋል ወይም ዝጎ አልፈታ ይላል። ቱቦዎቹንና ወንፊቱን አጥባችሁ ውሃቸውን አንጠፍጥፉ፤ ሳይታጠፉ በሰፊው ጠቅልላችሁ ከፀሐይ አርቁ። ፀሐይ የመታው ጎማ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ አየር የሚገባበት ቱቦ ደግሞ ውሃ አይስብም።

ደረጃ 8፦ ቡሎንና ዳዶ መፈተሽ። ሞተር ሲንቀጠቀጥ ይላላል። የላላውን አጥብቁ፤ የጠፋውን አሁኑኑ ገዝታችሁ ተኩ። በግንቦት የታየ ጉድለት አምስት ወር የመፈለጊያ ጊዜ አለው፤ በኅዳር የታየ ግን አንድ ቀንም የለውም።

5. የናፍጣ ሞተር ልዩነት

የፓምፑ እጥበትና የዘይት ቅያሪው አንድ ነው። ነዳጁ ላይ ግን አሠራሩ ይለያል። የናፍጣ ሞተር ነዳጁ እስኪያልቅ አይሠራም፤ ነዳጅ ካለቀበት በመስመሩ አየር ይገባና ማስነሳቱ ያስቸግራል። ስለዚህ ታንከሩ ሙሉ ሆኖ ይቀመጣል። ባዶ ቦታ ካለ በቅዝቃዜ ጊዜ እርጥበት በታንከሩ ግድግዳ ላይ እንደ ጤዛ ጠብታ ሆኖ ናፍጣው ውስጥ ይገባል። ከናፍጣ ማጣሪያው ሥር የተጠራቀመ ውሃና አተላ ካለ ይውረድ። ሞተሩ በውሃ የሚቀዘቅዝ ከሆነ የማቀዝቀዣው ውሃም ይፍሰስ።

6. አቀማመጥ

ሞተሩ ከመሬት ከፍ ብሎ በእንጨት ወይም በድንጋይ ላይ፣ ደረቅና አየር በሚያገኝ ቦታ ይቀመጥ። በማዳበሪያ ጆንያ አጠገብ አታስቀምጡት፤ ማዳበሪያ እርጥበት ስቦ ብረት ያዝጋል። ከእህልና ከምግብ እንዲሁም ከምድጃ ይራቅ። በላስቲክ ጥብቅ አድርጎ መጠቅለል ላብ ስለሚያጠራቅም ጨርቅ ወይም ጆንያ ይሻላል። የጭስ ማውጫውን ቀዳዳ በጨርቅ ወትፉ፤ እንዳይረሳም ቀይ ክር እሰሩበት። በወር አንድ ጊዜ ገለጥ አድርጋችሁ አይጥ መግባት አለመግባቷን ተመልከቱ።

7. በጥቅምት መልሶ ማስነሳት

መጀመሪያ የጭስ ማውጫውን ውታፍ አውጡ። የዘይቱን ልክ ሞተሩ ደልዳላ ቦታ ላይ ሆኖ እዩ። አንዳንድ ሞተሮች ዘይት ሲያንስ እንዳይነሱ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። አዲስ ቤንዚን አጣርታችሁ ጨምሩ። ፓምፑን በውሃ ሙሉና ከዚያ በኋላ ብቻ አስነሱ። ሲነሳ ለጥቂት ጊዜ ነጣ ያለ ጭስ ሊያወጣ ይችላል፤ በሲሊንደሩ የጨመርነው ዘይት ሲቃጠል ነው። ይህን ሙከራ ችግኝ ከመዛወሩ ቢያንስ ሁለት ሳምንት አስቀድማችሁ አድርጉት።

ችግር ቢያጋጥም በሚከተለው ቅደም ተከተል ፈልጉ፦
• ሞተሩ አልነሳ ካለ፦ ነዳጅ አለ ወይ? መዝጊያው ተከፍቷል ወይ? ዘይቱ ልክ ነው ወይ? ካንዴላው ደረቅና ንጹህ ነው ወይ? የአየር ማጣሪያው ተደፍኗል ወይ?
• ተነስቶ ከጠፋ፦ የካርቡራተሩ ቀዳዳ ወይም የታንከሩ ክዳን መተንፈሻ ተደፍኖ ሊሆን ይችላል።
• ሞተሩ እየሠራ ውሃ ካልመጣ፦ ፓምፑ ውሃ አልተሞላም፣ ወንፊቱ ተደፍኗል፣ ወይም በመሳቢያው ቱቦ መጋጠሚያ አየር ይገባል። በደረቁ እንዳይሠራ ወዲያው አጥፉት።
• በሞተሩና በፓምፑ መካከል ውሃ የሚንጠባጠብ ከሆነ፦ ሲሉ አልቋል፤ ሳይዘገይ ይቀየር።

8. ብርቱ ማሳሰቢያ

ውሃው ሲርቅ ሞተሩን ወደ እጅ ጉድጓድ አውርዶ የማሠራት ልማድ ሰው ይገድላል። የሞተር ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ አለበት። ጋዙ ራሱ ሽታም ቀለምም የለውም። በጉድጓድ ውስጥ ሲጠራቀም የገባውን ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ራሱን ያስተዋል። ሊያወጣው የሚወርደው ሰውም እንደዚያው ይወድቃል። ስለዚህ ሞተር በጉድጓድ ውስጥም ሆነ በተዘጋ ቤት ውስጥ አይነሳም። አንድ ሰው ውስጥ ቢወድቅ ሌላው ተከትሎ አይግባ፤ ሞተሩን ማጥፋት ከላይ ሆኖ ከተቻለ ይጥፋ፣ ከላይ በገመድ መሳብ ከተቻለ ይሳብ፣ ሰውም ይጠራ። ውሃው ሞተሩ ሊስብ ከሚችለው በላይ ከጠለቀ ስለ ጠላቂ ፓምፕ ከልማት ጣቢያ ሠራተኛው ጋር ተመካከሩ።

9. የጋራ ሞተር

ሁለትና ሦስት አባወራዎች በጋራ በሚጠቀሙበት ሞተር ላይ የሚታየው ችግር ሥራውን አለማወቅ ብቻ አይደለም። የመጨረሻው ተራ ያለው ሰው ውሃውን አጠጥቶ ሲጨርስ የማጠቡ ሥራ የማን እንደሆነ አልተነገረም። እያንዳንዱ ሌላው ያደርገዋል ብሎ ይተወዋል። ስለዚህ ወቅቱ ከመጀመሩ በፊት በስምምነት አንድ ኃላፊ ይመረጥ፤ የሰዓት መዝገቡ በእሱ ወይም በእሷ እጅ ይሁን፤ የዘይትና የካንዴላ መግዣ ገንዘብ በሠራበት ሰዓት ልክ ይዋጣ። የወቅቱ መዝጊያ ሥራ ግን ሁሉም በተገኙበት ይሠራ። ወጣቶችና ሴቶች ልጆችም አብረው ሠርተው ይልመዱት፤ በሞተሩ አጠገብ የሚውለው ብዙ ጊዜ ከቤተሰቡ አንዱ ነውና።

10. ማጠቃለያ

ሞተር ተናግሮ አያስጠነቅቅም፤ የሚናገረው በተበላሸ ቀን ነው። በየዕለቱ ንጹህ ውሃ፣ በወቅቱ መጨረሻ ባዶ ካርቡራተር፣ አዲስ ዘይትና ደረቅ ማደሪያ ከሰጠነው በችግኝ ማዛወሪያው ቀን ይነሳልናል። ሞዴል አርሶ አደር የሚለው ስም የሚታየው በማሳው ላይ ብቻ አይደለም፤ በዕቃ አያያዙም ጭምር ነው።

የተግባር ሥራ፦ ሠልጣኞች በአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከሉ ባለው ሞተር ላይ ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 8 ያለውን በቡድን ይሥሩ።

የመወያያ ጥያቄዎች፦
1. ባለፈው ዓመት ሞተራችሁ በስንት ሰዓት ሥራ ዘይት ተቀየረለት? ይህን ለማወቅ ምን መዝገብ አላችሁ?
2. በአካባቢያችሁ ያለው ውሃ ደለል የበዛበት ነው ወይስ ጨዋማ? ለእጥበት የሚሆን ንጹህ ውሃ ከየት ታገኛላችሁ?
3. በጋራ በምትጠቀሙበት ሞተር ላይ የመዝጊያው ሥራ የማን እንዲሆን ትስማማላችሁ?